አምስቱ የጳጉሜን ቀናት እንዲመለሱልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ወጋየሁ ድንበሩ
የማዶ ጮራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ንፋስ ስልክ ላፍቶ

አቶ ወጋየሁ ሆይ፣ ለማርቲ እግር መሰበርና ለሴና ከሳይንስ መውጣት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት በድፍረት አይደለም። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ፣ ይህንንም ደብዳቤ እንደ ቀደሙት ደብዳቤዎቻችን ከመጀመሪያው መስመር በታች ባያነቡት እንኳ ዋናው ነገር እንዳያመልጥዎ አስቤ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ። ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ብርዱ ጉልበትዎን አልነካዎትም? ቢሮዎ ፎቅ ላይ በመሆኑ ጎርፉም ጭቃውም እንዳልደረሰብዎ ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ግንቦት ጭቃ እንዳይነካው ብዙ የተጨነቁለት ቀዩ ምንጣፍ፣ ሁሉም በሰላም እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ትሩፋት ከበበው እባላለሁ። ከትምህርት ቤትዎ ማዶ፣ ከፉሪ ተራራ በሚወርደው ወንዝ ዳር እኖራለሁ። ላፍቶ መንገድ ዳር ሠላሳ ዓመት ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጬአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ባነሰ ፍጥነት፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው ሲያልፍ ሽንኩርቴን ትቼ ከመቀመጫዬ እነሣ ነበር። ደንበኞቼ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን «የተማረ ይግደለኝ!» እያልኩ እጄን ደረቴ ላይ አደርግ ነበር። ይህችን አባባል ለምን እንደጠቀስኳት መጨረሻ ላይ ይደርሱባታል፤ ከደረሱ።

ሴና የጎረቤቴ የኦቦ በንቲ የልጅ ልጅ ናት። ኦቦ በንቲ አሁን ኮንዶሚኒየሙ በቆመበት መሬት ጤፍ ሲዘሩ የኖሩ፣ ዛሬ በቀሯቸው ሁለት ላሞች ወተት የሚሸጡ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። ሴና እኔን «አኮ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው አያቴ ማለቷ ነው። አልወለድኳትም፤ ነገር ግን የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኔ ቤት፣ የእኔን የፊደል ስሕተት የምታርመውም እሷ ነች።

ከሁለት ዓመት በፊት በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ተማሪዎችዎን ሰብስበው፣ «ሳይንስንና ሒሳብን ከደብተራችሁ አውጡት፤ የሰፈራችሁን ችግር ፍቱበት!» ብለው ነበር። እጅግ መልካም ንግግር እንደነበር ሰምቻለሁ። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረበት፤ ሴና አመነችዎት።

የሰፈራችን ችግር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልግም። ወንዙ ላይ አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፤ ከወዲህ ያለን ሰዎች ልጆች ሁሉ ወደ እርስዎ የሚመጡት በዚያ ላይ ተሻግረው ነው። በአስፋልቱ ልዙር ካሉ ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ወንዙ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥቶ ልብስ ተሰጥቶ ሳለ፣ ፉሪ ላይ የዘነበው በድንገት ይደርሳል። ሴና የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፉሪ ከጠቆረ በኋላ ውኃው እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ አለን?

የፊዚክስ አስተማሪዋ መምህር ኤልዳድ አገዛት። አንድ ረጅም ግንድ በሜትር ለክተው ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ቀቡት። ነጩ ሰላም፣ ቢጫው አትሻገሩ፣ ቀዩ ደግሞ የድልድዩ ቁመት ነው። የሚተከልበትን ቦታ ያሳዩት ኦቦ በንቲ ናቸው፤ «ወንዝ እንደ ሰው አይደለም፣ የድሮ መንገዱን አይረሳም» እያሉ። ቁጥሩን በቀን ሦስት ጊዜ አንብቦ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ግን ሴና ትምህርት ገና አልተዘጋላት፣ ኦቦ በንቲ ፊደል አይለዩ፣ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ከሰኔ 1 ቀን 2016 ጀምሮ እስከ ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ዘጠና አምስት ቀን፣ አንድም ሳላስታጉል ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ቀን በስድስት፣ ማታ በአሥራ ሁለት ጻፍኩ። ቀን ሙሉ በጭንቅላቴ ስደምር የኖርኩ ሴት፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅም ቁጥር በእጄ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሞኝነት ይሉታል እንጂ፣ ጃንጥላ ይዤ ወንዝ ዳር ስቆም የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ትልቁ ውኃ የመጣው ጳጉሜን 3 ነው። የሩፋኤል ዕለት ስለነበር የሰፈሩ ሕፃናት እንደ ልማዳቸው ሸሚዛቸውን አውልቀው ጠበሉን ዝናብ ይጠብቁ ነበር። ፉሪ ጠቆረ፤ ሴና ስልኳን አውጥታ ሰዓት ያዘች፤ በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ቢጫው ተዋጠ። ብዙም ሳይቆይ ቀዩም ተዋጠና ውኃው ከግንዶቹ በላይ አንድ ስንዝር ሄደ። የክረምት ዕረፍት ስለነበር የሚሻገር ተማሪ አልነበረም። ሴና ግን ደብተሩን ይዛ ዘለለች፤ «አኮ፣ ሠላሳ ስምንት! ደወል ለመደወል ይበቃል!»

ከዚህ በኋላ ቅሬታዎቼን እንደ ቢሮ ሥርዓት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ባለፈው ግንቦት ያዘጋጁት የሳይንስ አውደ ርዕይ እጅግ ያማረ ነበር፤ ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። በሩ ላይ «ዕውቀታችን ለማኅበረሰባችን ችግር መፍቻ» የሚል ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር፤ እኔም ሰው ሳያግዘኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የሴና ግንድ ግን ምንጣፉን ያቆሽሻል፣ መብራትም አይበራበትም ተብሎ ከመጸዳጃው ኮሪደር ወንበሮች ከሚከመሩበት ጥግ ተደገፈ። አንደኛ የወጣው ቀይ አረፋ የሚተፋ የወረቀት እሳተ ገሞራ ነው። በላፍቶና በለቡ እስካሁን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አያውቅም፤ በፈነዳ ጊዜ ግን ትምህርት ቤትዎ ዝግጁ መሆኑን በማየቴ እንቅልፌ ተስተካክሏል።

2ኛ. የዳኞቹ ጉዳይ ነው። ደብተሬን ወስደው ከውጭ አገር በመጣ የኮምፒውተር ቅጽ ላይ እንዲሞላ አደረጉ። ቅጹ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እኔ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብዬ የጻፍኩት እዚያ ሲገባ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከዳኞቹም አንዱ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ «አንዲት አሮጊት በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ምን ትሠራለች? ይህ ቁጥር ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ነው» አሉ። በዕድሜዬ ብዙ ስም ተሰጥቶኛል። ሌሊት ወንዝ ዳር የምትቆም የተባልኩት ግን በእርስዎ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ይቅር ብያለሁ።

ይቅር ያላልኩት ሌላውን ነው። ጽሑፉን የሚያስገባው ልጅ ሰኔን አሥር፣ ሐምሌን አሥራ አንድ፣ ነሐሴን አሥራ ሁለት እያለ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀበለው። ጳጉሜን አሥራ ሦስት ሲል ግን ቅጹ ቀላ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ቀላ። ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውምና። ልጁ እርስዎን ሊጠይቅ መጣ፤ እርስዎም፣ ሴና አጠገብዎ ቆማ እየሰማች፣ «አምስት ቀን ምን ያደርጋል? ሰርዘው» አሉት። መምህር ኤልዳድ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው ብሎ ቢለምንዎ፣ «አንተ ደግሞ ነገር አታክርር፣ እንግዶች እየመጡ ነው» ብለውታል። በዓመቱ መጨረሻም ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛውሯል፤ ለዕድገት ነው ተብለናል፤ እሰየው።

አቶ ወጋየሁ፣ ለእንግዳ ሁሉ የአሥራ ሦስት ወር አገር ነን እያልን እንኮራለን። ቅጽ ሲመጣ አሥራ ሦስተኛውን አውጥተን ለመጣል የፈጀብን ግን አንድ ቃል ነው። ያወጣነው ደግሞ ውኃው ቀዩን ያለፈበትን ወር ነው።

3ኛ. ሴና ሽልማት አልጠየቀችም፤ ገንዘብም አልጠየቀችም። በጽሑፍ የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ፉሪ ሲጠቁር የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ እንዲቆዩ፤ እንዲሁም እኛ ወንዝ ዳር የሰቀልነው ያረጀ የመኪና ቸርኬ ሲመታ «አትሻገሩ» ማለት መሆኑ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ለአንድ ደቂቃ እንዲነገር። ፈጣን መልስ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሴና አምጥታልኝ እኔው ጮክ ብዬ አነበብኩት። «በጥናቱ መሠረት ከፍተኛው የውኃ መጠን ከድልድዩ አርባ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ ስጋት የለም» ይላል። ከፍተኛው የተባለው የነሐሴ ነው። ጳጉሜን ከሌለች በእርግጥም ስጋት የለም። በራሷ ጥናት፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ አፋችንን ስለዘጉን፣ እንዲህ ያለ ጥበብ እሳተ ገሞራ ከመሥራት እንደሚበልጥ መመስከር እወዳለሁ።

ያን ቀን ሴና ልታለቅስ ስትል ያልኳትን አልረሳም። «ታገሺ ልጄ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ የሚያውቁት ነገር ይኖራል» አልኳት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከእርስዎ ቁጥር ውስጥ አላስገባውም።

4ኛ. ወረቀትዎ ስጋት የለም ስላለ፣ የዘንድሮውን ምዝገባ ከጳጉሜን 3 እስከ 5 አደረጉት። ጳጉሜን 4 ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢዎ በተመዝጋቢ ተሞልቶ ሳለ ፉሪ ጠቆረ። ሴና ሰልፏን ጥላ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ደወሉ እንዲደወል ለመነችዎ። እርስዎም በመስኮት ወደ ሰማይ አይተው፣ «ፀሐይ እኮ ነው! ደወል ያለ ፕሮግራም አይደወልም» አሏት። ፀሐይ መሆኑ እውነት ነው፤ እኔም ልብስ አስጥቼ ነበር።

ስምንት ሰዓት ካለፈ ስምንት ደቂቃ ሲሆን ቢጫው ተዋጠ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ማለት ነው፤ ያለፈውን ዓመት ውኃ የለካችው ልጅ አንድ ደቂቃ አልተሳሳተችም። ክንዴ እስኪዝል ቸርኬውን ቀጠቀጥኩት። የሰፈሩ ልጆች ስለሚያውቁት ከማዶ ቆሙ። ማርቲ ግን ነሐሴ ላይ ከሳሪስ የመጣች፣ ዘጠነኛ ክፍል ልትመዘገብ የሄደች እንግዳ ናት። በኋላ ስጠይቃት፣ «እማማ፣ ቆርቆሮ የሚመቱ ሠራተኞች መሰሉኝ» አለችኝ። መሐል ላይ ስትደርስ ግንዶቹ ተንከባለሉና እግሯ በሁለቱ መካከል ተያዘ።

ኦቦ በንቲ የላማቸውን ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። አራት ተማሪዎች ከዳር ሆነው ያዟቸው። ሽማግሌው ደረታቸው ድረስ በውኃ ተውጠው ሳለ ልጆቹ ወደ እሳቸው ሊገቡ ሲሉ፣ «እኔን ተዉኝ፣ ገመዱን ያዙ! ወንዙ እኔን ያውቀኛል!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ልጅቷን አወጧት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ዛሬም ጄሶ ላይ ናት፤ የዘጠነኛ ክፍል መቀመጫዋን እስካሁን አላየችውም። ሕይወቷ የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነትና በላም ገመድ ነው። ሁለቱም በቅጽዎ ላይ ቦታ የላቸውም።

ያን አንድ ደቂቃ ስለነፈጉን ነው ይህ የሆነው። የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ብቻ።

5ኛ. መስከረም ላይ ሴና ለአሥራ አንደኛ ክፍል ዘርፍ መርጣ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትለው ናቹራል ነበር፤ የውኃ መሐንዲስ እሆናለሁ ስትል ነው ያደገችው። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ «አኮ፣ ሶሻል ገባሁ» አለችኝ። ታሪክና ጂኦግራፊ ትልቅ ትምህርት ናቸው፤ አልንቃቸውም፤ ነገር ግን ሰው ወድዶ ወደ እነሱ ይግባ እንጂ ሌላውን ሸሽቶ አይግባ። ለምን ብላት፣ «ጳጉሜን ካልገባች እኔም አልገባም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አያቷ ቢያስታርቁን፣ መልሷ ይኸው ነው። ዘርፍ መቀየር የሚቻለው እስከ ጥቅምት 30 ብቻ ነው ይባላል። ይህን ስጽፍ ጥቅምት 12 ነው።

ቁጥሩ ስንት ላይ እንደደረሰ ካልተሳሳትኩ ይኸኛው 6ኛ ነው፤ የመጨረሻውም ነው። ባለፈው ሳምንት ምክትልዎ እቤቴ ድረስ መጥተው አክብረውኛል። ሁለት ኪሎ ስኳርም ይዘው ነበር፤ ስለ ስኳሩ አመሰግናለሁ፤ በፌስታል እንዳለ ለጥበቃዎ መልሼአለሁ። ምክትልዎ አንድ የተተየበ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ፤ ከኪሳቸውም የአሻራ ቀለም አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ። «እማማ፣ እዚህች ጋ አውራ ጣትዎን ብቻ» አሉኝ። መነጽሬን ላምጣ ብል፣ «አይድከሙ፣ ስለ ሴና ጥሩ ነገር ነው» አሉ። አመጣሁት። አነበብኩት። ቀስ ብዬ ስለማነብ ብዙ ቆሙ፤ ስለ ትዕግሥታቸው አመሰግናለሁ።

ወረቀቱ የሚለው፣ በማዶ ጮራ ትምህርት ቤት አመራር የቅርብ ክትትል የተሠራው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከባድ አደጋ ማስቀረቱን፣ ትምህርት ቤቱም በዚሁ ለከተማ ውድድር መቅረቡን፣ እኔም ደብተሩን በፈቃዴ ማስረከቤን ነው። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ዓይኔ ቆመ። «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.» ይላል። ከሳይንስ የተባረረች ወር ለሽልማት ስትፈለግ ቦታ ተገኘላት። የአሻራውን ክዳን ራሴ ገጥሜ ለምክትልዎ ሰጠኋቸው። እሳቸውም፣ «ማንበብ ይችላሉ እንዴ?» አሉኝ። በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ቀላል ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ያነሰ ወጪ አለው። አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ወደ ሴና ጥናት መልሰው ያስገቡልን። «ስጋት የለም» የሚለውን ወረቀት በእርስዎው ፊርማና ማኅተም ይሻሩልን። ስለ ቸርኬው ድምፅ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት አንድ ደቂቃ ይስጡን። ይህን ከጥቅምት 30 በፊት ካደረጉ ሴና ወደ ናቹራል መመለስ አለመመለሷን ራሷ ትወስናለች፤ ልትመለስ ትችላለች፤ አላስገድዳትም። ከዚያ በኋላ ካደረጉት ለማርቲ ታናናሾች ይጠቅማል፤ ለሴና ግን አይደርስላትም። ካላደረጉት ደግሞ በክረምቱ መባቻ እንደ ልማዴ ጃንጥላዬን ይዤ ግንዱ አጠገብ እገኛለሁ። ደብተሩ ከእኔ ጋር ይሆናል። ማየት ለሚፈልግ ሁሉ በሬ ክፍት ነው፤ ለውድድር የሚፈልግ ግን እሳተ ገሞራውን ይውሰድ።

ዘመንዎ እንደ ምንጣፍዎ ያለ እድፍ ይሁንልዎ፤ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ቢሮዎ ሁልጊዜ ከውኃው በላይ ይሁን እያልኩ፣ ላደረጉልን ሁሉ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ትሩፋት ከበበው
(በራሴ እጅ የተፈረመ)
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለማርቲ፣ ጄሶ ላይ ሆና ለምታነበው፤
ለኦቦ በንቲ፣ ሴና ታነብላቸዋለች፤
ለመምህር ኤልዳድ፣ ባሉበት፤
ለሰፈራችን ሰው፣ በሱቁ ግድግዳና በድልድዩ መግቢያ ላይ የሚለጠፍ።

ማሳሰቢያ፦ መጀመሪያ ላይ ስለጠቀስኳት አባባል ነው። የዛሬ ወር አካባቢ ከታክሲ ሲወርዱ ላፍቶ አደባባይ አይተውኝ ይሆናል። እኔ አይቼዎታለሁ። እንደ ድሮዬ ለመነሣት ጉልበቴ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ሴና አጠገቤ ነበረች፤ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት «የተማረ ይግደለኝ» ስል የኖርኩት ቃሌን የምር የሚወስደው የለም ብዬ ነው። ማርቲ ግንዱ ላይ ሳለች ግን አባባሉ ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያውም በሰው ልጅ ላይ። ስለዚህ በጨዋ ደንብ አስቀድሜ አሳውቅዎታለሁ፤ ለሚያስተምር እነሣለሁ፤ ለተማረ ግን ከእንግዲህ አልነሣም። ሴናንም «ታገሺ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው» አልላትም።